የቱ ላይ ብር ላውጣ፣ የቱ ላይ ልቆጥብ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። ኮንዶሚኒየም ተከራይተናል፤ ቤቱ ባዶ ነው። ለዕቃ የያዝነው ብር ውስን ስለሆነ እጮኛዬ ሁሉንም ርካሹን እንግዛና ቀስ እያልን እንቀይራለን ይላል። እናቴ ደግሞ «አንዴ ጥሩውን ግዢና ተገላገይ» ትለኛለች። ሁሉንም ጥሩ መግዛት አንችልም። የትኛው ዕቃ ላይ ብሩን ባወጣው ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልጄ። እናትሽም እጮኛሽም እውነት አላቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ዕቃ ነው። መርካቶ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ብዙ ዓመት ሸጫለሁ። ሙሽሮች ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው መጋረጃና የብርጭቆ ስብስብ ላይ ነው። ብሩ እዚያ ያልቅና ምጣድና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሲደርሱ «ርካሹን ስጪን» ይላሉ። እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክና እሳት የሚነካውን፣ ቀጥሎ የምትተኙበትን፣ ከዚያ በየቀኑ የምትበሉትን እገዛለሁ። መጋረጃው ይደርሳል።

ስለ ምጣዱ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ በላይ ኤሌክትሪክ ይበላል። አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የምንገዛው ተራ ማከፋፈያ ብዙውን ጊዜ የሚችለው 10 አምፔር ነው። ምጣዱን እሱ ላይ ሰክተሽ እንጀራ ስትጋግሪ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሶኬቱ ይላላል፣ ከዚያ መቃጠል ይጀምራል። ሱቅ ሳለሁ የጠቆረ ሶኬት በፌስታል ጠቅልለው የሚመጡ ደንበኞች ነበሩ። አፉ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሁሉም የሚሉት «ምጣዱ ተበላሸ» ነው። ምጣዱ ደህና ነው፤ ያልቻለው ሽቦው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብርሽ እዚህ ይውጣ። አከራያችሁን አስፈቅዳችሁ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር ከብሬከሩ በጥሩ ኤሌክትሪሺያን አስቀጥሉ። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ ግራውንዱም፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ማለቴ ነው፣ አይቅር። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሊጥ በነካው እርጥብ እጅ ነው የምትነኪው። ሽቦ ስትገዢ ጫፉን አስልጪና በቢላ ፋቅ አድርጊው። ከሥር ነጭ ከወጣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል አትውሰጂው። ማከፋፈያም ቢሆን ለቴሌቪዥኑ ስትገዢ አንዱን ሶኬት ሰክተሽ ነቅለሽ ሞክሪው። ጥብቅ ብሎ ካልያዘ ነገ ብልጭ ብልጭ ማለቱ አይቀርም።

ራሱን ምጣዱን ስትመርጪ የቆርቆሮው ቀለም አያታልልሽ። ሸክላውን በጣትሽ አንጓ ኳ ኳ አድርጊው። የጠራ ድምፅ ካሰማ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሻጩን አሰክተሽ አስግዪውና ዱቄት ስስ አድርገሽ በትኚበት። ዱቄቱ ዙሪያውን እኩል ቡናማ ከሆነ ውስጡ የተቀበረው የጋለ ሽቦ በእኩል ርቀት ተዘርግቷል ማለት ነው። አንድ ጎን ጠቁሮ ሌላው ነጭ ከቀረ፣ ያ ምጣድ ዕድሜ ልክሽን ግማሹ ያረረ ግማሹ ያልበሰለ እንጀራ ነው የሚሰጥሽ። እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ወደ ሌላ ሱቅ ሂጂ። አክንባሎውም ዙሪያውን ይግጠም፤ እንፋሎቱ ካመለጠ እንጀራው ይደርቃል። በጎመን ዘር ማሟሸቱን ከእናትሽ በላይ የሚያሳይሽ የለም።

ፍራሽ ላይ ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ውፍረት ነው። ባለ 20፣ ባለ 25 ይልሻል። ውፍረት ዓይን ይሞላል፤ ወገብ የሚይዘው ግን ዴንሲቲው ነው፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን። ይህን ደግሞ ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። 1.50 በ1.90 የሆነ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ይዘቱ 0.57 ሜትር ኩብ ነው። ዴንሲቲው 30 ነው ካሉሽ ስፖንጁ ብቻውን 17 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ሚዛን ላይ ወጥቶ 10 ኪሎ ካሳየ እውነተኛው ዴንሲቲ 18 እንኳ አይሞላም፤ በጥቂት ወራት መሃሉ ይሰረጉዳል። ሚዛን ከአካባቢው ሱቅ አይጠፋም። ሳታፍሪ አስመዝኚ፤ በቀን ስምንት ሰዓት የምትተኙበት ዕቃ ነው።

ምግብ ላይ የምልሽ አጭር ነው። የተፈጨ በርበሬ ከማታውቂው ሰው አትግዢ፤ ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን አይለይም። ትንሽ ጨምረሽ ጥሩ ዛላ ግዢ፣ ቅመሙን ራስሽ አሰናጂና ወፍጮ ቤት ቆመሽ አስፈጪ። ዛላውን ጆሮሽ ጋ ይዘሽ አራግፊው። ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል። ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት በርበሬ ድምፅ የለውም፣ ሲቀመጥም ይሻግታል። የሻገተ ካየሽበት በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

አሁን እጮኛሽ ወደሚያሸንፍበት ልምጣ። ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ ምንጣፍ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ እነዚህን ርካሹን ግዙ። ሲኒ ሰው በገባ ቁጥር ይሰበራል። ጀበናም የሸክላው ይበቃችኋል። ወፍራም ድስት ከፈለግሽ ደግሞ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በይ፤ ያገለገለ ወፍራም ድስት ከአዲስ ስስ ድስት እጅግ ይሻላል። ስሱ ወጡን ያሳርርብሻል፣ ሽንኩርት ስታቁላዪ ደግሞ ከእሳቱ ዞር ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ሥራዬ ሽያጭ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ነው የምዞረው። የምገዛው ጫማ ክረምት በመጣ ቁጥር ይከፈትብኛል። ውድ ጫማ እውነት ልዩነት አለው ወይስ ስም ነው የምንገዛው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልዩነትማ አለው ወንድሜ፤ ግን ዋጋውን አይተህ አትወስን፣ ጫማውን ገልብጠህ እየው። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ከተለጠፈ የሐዋሳን ዝናብ አይችልም። ዙሪያውን የተሰፋውን ፈልግ፤ ክሩ ከላይም ከታችም መታየት አለበት። አንዳንዱ ጫማ ስፌት የሚመስል መስመር ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ታትሞበታል፣ በጥፍርህ ፈትነው። ቀጥሎ ተረከዙን ከኋላ በአውራ ጣትህ ጫን በል። ተመልሶ ቀጥ ካለ ጥሩ ነው፤ ታጥፎ ከቀረ ውስጡ ካርቶን ነው፣ አንድ ቀን ውሃ ከገባበት አለቀለት።

ቆዳ መሆኑን ለማወቅ የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከት። ቆዳ ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለ ቃጫ አለው፤ ሰው ሠራሹ ግን ከሥር ጨርቅ ነው። የአገራችን የበግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው፤ ስስና ለስላሳ ስለሆነ ግን እንዳንተ ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ሰው ጫማ የበሬው ይመረጣል።

ብሩ የሚመለስልህ በጥገና ነው። የተሰፋ የቆዳ ጫማ ሶሉ ሲያልቅ ሌላ ሶል ይቀየርለታል። የተለጠፈው ግን ማስቲሽ ቢደጋገምለትም መልሶ ይከፈታል። ከቻልክ ሁለት ጥንድ ግዛና አፈራርቃቸው፤ ላብና ዝናብ የጠጣ ቆዳ ለመድረቅ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ሲርስ ጋዜጣ ውስጡ ጎስጉስበትና ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ከሰል ዳር አታድርቀው፣ ቆዳው ይሰነጠቃል።