የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሚሰካ ሃይብሪድ ወይስ የማይሰካ?

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ዲሲ ውስጥ ሰው አመላልሳለሁ፤ በቀን እስከ 150 ማይል እነዳለሁ። የምኖረው አፓርትመንት ነው። በጋዝ (በቤንዚን) እና በባትሪ የሚሄደውን የቶዮታ ሃይብሪድ፣ ፕሪየስን፣ ልገዛ ስል ጓደኞቼ «ፕራይሙን፣ የሚሰካውን ፕሪየስ ግዛ፣ በመብራት ስለሚሄድ ጋዝ ትረሳለህ» አሉኝ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ለእርስዎ ሥራ ተራውን ፕሪየስ ይግዙ።

የ2024ን ሞዴል ወስደን እናስላው። ተራው ፕሪየስ (ኤልኢ የሚባለው ዓይነት) በጋሎን በአማካይ 57 ማይል ይሄዳል። ፕራይም (ኤስኢ የሚባለው ዓይነት) ቻርጁ ሙሉ ሲሆን 44 ማይል ያህል በባትሪ ብቻ ይጓዛል፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ያንኑ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ በጋሎን 52 ማይል ነው የሚሄደው። ጋዝ በጋሎን 3.30 ዶላር፣ መብራት በኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም ይሁን። ባትሪውን ለመሙላት 11.7 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይፈጃል፤ ይህም 2 ዶላር ነው። ያንኑ 44 ማይል ተራው በ2.55 ዶላር ጋዝ ይሄደዋል። ፕራይሙ እዚህ ላይ 55 ሳንቲም ቢያተርፍም በቀሪው 106 ማይል 60 ሳንቲም ያህል ጋዝ አስበልጦ ይመልሰዋል። የቀኑ ወጪ እኩል ሆነ፤ የአዲስ ፕራይም ዋጋ ግን ከተራው በ5,000 ዶላር ያህል ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚሰኩበት ካለ ነው። መንገድ ላይ ያለ ቻርጀር በኪሎዋት ሰዓት 40 ሳንቲም ካስከፈለዎት 44 ማይሉ 4.70 ዶላር ይፈጃል፤ ከጋዝ ይብሳል። ተራው በአንድ ጋሎን የሚሄደውን መንገድ ፕራይሙ በ15 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ስለሚሄደው የጋሎኑን ዋጋ ለ15 ያካፍሉት፦ 3.30 ለ15 ሲካፈል 22 ሳንቲም ነው። መብራቱ ከዚያ ከተወደደ አይሰኩ። በዚያ ላይ ፕራይም ፈጣን ቻርጅ አይቀበልም፤ በ240 ቮልት 4 ሰዓት፣ በተራ ሶኬት 11 ሰዓት ይቆማል። ለሚሠራ ሰው ያ የጠፋ ገቢ ነው።

ፕራይም የሚስማማው ጋራዡ ውስጥ ሶኬት ኖሮት በቀን ከ40 ማይል ለማያልፍ ወይም መሥሪያ ቤቱ በነፃ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ነው። ፕራይም የገዛችሁ ደግሞ ሃይዌይ ላይ ኤችቪ የሚለውን ቁልፍ (ባትሪውን ቆጥቦ እንደ ተራው ሃይብሪድ የሚያስኬደውን) ተጫኑና ባትሪውን ለከተማው መቆምና መነሳት አቆዩት። ቻርጀሩን በኤክስቴንሽን ገመድ አትሰኩ፤ ገመዱ ለሰዓታት ሲግል እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሻጭ «መንግሥት 7,500 ዶላር ይመልስልሃል» ካለ አትመኑት፤ የፌዴራሉ የታክስ ቅናሽ ከመስከረም 30 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ መኪና አይሰጥም።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ያገለገለ ፕሪየስ አለኝ። በሙቀት ቀን ከኋላ ወንበር በኩል ነፋስ የሚመስል ድምፅ ይጮኻል። ባትሪው ሊሞት ነው?

መልስ፦ አይደንግጡ፤ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፋን ነው። እንደ ሞዴሉ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጎን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። አቧራና የተሳፋሪ ልብስ ብናኝ ሲዘጋው ፋኑ በኃይል ይሽከረከራል፤ ባትሪው ሲግል ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። መኪናውን አጥፍተው ክዳኑን ያውጡ፤ ማጣሪያ ካለው አውጥተው በቫኩም ያጽዱት፤ ውኃ አይንካው። ብርቱካናማ ገመድ ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ፣ ከፍተኛ ቮልት አለበት። ዘይት በቀየሩ ቁጥር ቀዳዳውን ይዩት፤ ሻንጣም ሆነ ምንጣፍ አይሸፍነው። ካጸዱትም በኋላ ድምፁ ካልቀነሰ ወይም የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ለሃይብሪድ መካኒክ ያሳዩት።