መልስ፦ አባቴ የአንገት ደም ቧንቧ ስቴንት ከገባላቸው በኋላ ብሽሽታቸው ጠቆረ፣ ክሎፒዶግሬል ያቁሙ?

አያቁሙ። ስቴንቱ (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባ ገና ሳምንቱ ነው ብለሃል፤ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ቢያንስ ለ4 ሳምንት ይወሰዳሉ፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አስፒሪኑ ብቻ ይቀጥላል። አሁን ከተቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ለውጥ ካስፈለገ የሚወስነው ስቴንቱን ያስገባው ሐኪም ነው።

ስቴንቱ ወደ አንገት የተላከው ብሽሽት ላይ ያለው ደም ቧንቧ ተበስቶ ስለሆነ እዚያ መጥቆር ያጋጥማል። ጥቁረቱ ለስላሳ ከሆነና ወደ ጭን እየወረደ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ከተለወጠ አያሳስብም። ዳርዳሩን በእስክሪብቶ አስምርበትና ከመስመሩ መውጣት አለመውጣቱን እይ። ጠጠር ያለ እብጠት ካለው፣ እያደገ ከሄደ ወይም እጅህን ስታሳርፍበት እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ከሆነ በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል።

ደም ከወጣ፦
1. በጀርባቸው አስተኛቸው፣ እግራቸውን አያጥፉ።
2. ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ አድርገህ በጣቶችህ አጥብቀህ ተጫን። የደም ቧንቧው የተበሳው ቆዳው ላይ ከሚታየው ቀዳዳ በላይ ነው።
3. ገልጠህ ሳታይ 15 ደቂቃ ያዝ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ።

ውጭ ምንም ሳይታይ ወገባቸውን ወይም ጎናቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸውና ካላባቸው ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

ሰው ሁሉ ብሽሽት ላይ አፍጥጦ የሚዘነጋው ግን ጭንቅላትን ነው። ጠቦ የነበረው ቧንቧ ሲከፈት ደም በኃይል ወደ አንጎል ይገባል፤ የደም ግፊታቸው ካልተያዘ አንጎል ውስጥ ሊደማ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው ስቴንቱ በገባ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው። ግፊታቸውን ጠዋትና ማታ ለካ፣ ከ140/90 በላይ ከቆየ ለሐኪሙ ደውል። ስቴንቱ ባለበት በኩል ከባድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትስጣቸው።