ቃሉ ሲለወጥ መጽሐፉ ይገኛል

ጥያቄ፦ ስለ ዓይነ ስውራን የሥራ ቅጥር የማስተርስ ማሟያ እየሠራሁ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ በጣም ጥቂት ነው። እኔም የማነበው በስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መጽሐፉ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ጣጣው የቃሉ ነው። ብዙ ካታሎጎች «ዓይነ ስውር» እና «አይነ ስውር»ን እንደ ሁለት ቃል ስለሚያዩ ሁለቱንም ይሞክሩ። የቆዩ ጽሑፎች «አካለ ስንኩል» ይላሉ፤ ዛሬ የሚያስቀይም ቃል ቢሆንም ለፍለጋ የግድ ነው። በእንግሊዝኛም የድሮውን «ሃንዲካፕድ» አይዝለሉት። አንድ የሚሆን መጽሐፍ ካገኙ መዝገቡ ላይ ያለውን የርዕሰ ጉዳይ ቃል ይጫኑ፤ ዘመዶቹን ይጎትትልዎታል።

አዋጁን ሲፈልጉ ዓመቱ እንዳያሳስትዎ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ቅጥር መብት አዋጁ በአማርኛ 568/2000፣ በእንግሊዝኛ 568/2008 ተብሎ ይጠቀሳል፤ አዋጁ ግን ያው አንድ ነው።

ፒዲኤፉን ከፍተው ስክሪን ሪደሩ ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ጽሑፍ ሳይሆን የገጽ ፎቶ ነው ማለት ነው። ገጹን በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ስካን ያስደርጉና አማርኛ በሚያውቀው ቴሰራክት በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት። ተመሳሳይ ፊደላትን ስለሚያምታታ፣ የሚጠቅሱትን አንቀጽ ብቻ ለሚያይ ሰው ሰጥተው ከዋናው ጋር ያስተያዩ።