ወርዶ አልወጣ ያለ የመኪና መስታወት፦ ሞተር ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ የቪትዝህ የጋቢና መስታወት ኮምቦልቻ ላይ ያለችግር ይወርዳል፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ብርዱ ሲጀምር ግን ወደ ላይ ሲወጣ ግማሽ ድረስ ተንቀራፎ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ሲሞከር ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ጋራዡም ሞተር ቀይር ብሎሃል። አብሽር፣ በነገርከን ምልክት ሞተሩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

ሞተሩ ላይ የሚደርሱት ሽቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ስዊቹ ፖዘቲቩንና ማሳውን (ኔጌቲቩን) ሲያገላብጥለት ያው አንዱ ሞተር በአንዱ አቅጣጫ ዞሮ ያወርዳል፣ በሌላው ዞሮ ያወጣል። ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ማውረዱም ይቀር ነበር። ሲወርድ የመስታወቱ ክብደት ያግዘዋል፤ ሲወጣ ግን ክብደቱንም መስታወቱ የሚንሸራተትበትን የፍሬሙን ጎማ ፍትጊያም ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ የጎማ መያዝ መጀመሪያ የሚታወቀው ሲወጣ ነው፤ ብርዱ ጎማውን ሲያጠነክረው ደግሞ ይብሳል። ቆይቶ መንቀሳቀሱም ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የመስታወት ሞተሮች ሲግሉ የሚያቋርጥ መከላከያ በውስጣቸው አላቸው፤ ሲቀዘቅዙ ይመለሳሉ። እንቢ ሲልህ ስዊቹን ደጋግመህ አትጫን፤ ጤነኛ ሞተር የሚቃጠለው እንዲያ ነው።

ምንም ሳትፈታ የምትሠራው ፍተሻ አለ። ማታ የመኪናውን ሞተር አጥፍተህ ቁልፉን ብቻ ክፈት፣ የጣሪያውን መብራት አብራና ስዊቹን ወደ ላይ ያዘው። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ኃይል ሞተሩ ጋ ደርሷል፣ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ያኔ በሹፌሩ በር ያለው የመስኮት መቆለፊያ ቁልፍ እንዳልተጫነ እይ፣ ከሹፌሩ ስዊችም ከራሱ በርም ሞክር። ከአንዱ ሠርቶ ከሌላው እንቢ ካለ ስዊች ነው። አራቱም መስታወቶች ከሞቱ ፊውዙንና ሪሌዩን ተመልከት፤ የፊውዙ አምፔር ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ክዳን ላይ ይጻፋል። ከዚያ የበለጠ ፊውዝ ወይም የሲጋራ ወረቀት በፍጹም አታስገባ፤ ፊውዙ ያልተቃጠለበትን ሽቦው ይቃጠልበታል።

ስዊቹን ይዘህ በሩን ቀስ እያልክ ክፈት፣ ዝጋ። በሆነ ማዕዘን ላይ ብቻ ከሠራ በበሩና በቦዲው መካከል ባለው ላስቲክ ውስጥ ሽቦ ተቆርጧል። እዚያው ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ብዙ አይቆይም፤ በሊድ ቢበየድም ሽቦው ከብየዳው ጫፍ ላይ ደረቅ ስለሚል በሩ በተከፈተ ቁጥር ታጥፎ እንደገና ይበጠሳል። ከነበረው ያልቀጠነ ባለብዙ ዘለላ ሽቦ አስገባና አንዱን መቀጠያ በበሩ ውስጥ፣ ሌላውን በቦዲው ውስጥ አድርግ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ በሽቦ ቀለም አትተማመን፣ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለካ።

በአንተ ጉዳይ ግን የበሩ ሽፋን መፈታት አለበት። ማለዳ ብርድ ላይ አትጀምር፤ የውስጥ ሽፋኑ የፕላስቲክ ክሊፖች ሲቀዘቅዙ ይሰበራሉ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይሻላል። ከመክፈቻው እጀታ ሥርና ከክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ያሉትን ብሎኖች ፍታ፣ ከታች ጠርዝ ጀምረህ ሽፋኑን ሳብ፣ የስዊቹን ሶኬት ንቀል። ከኋላው ያለውን ላስቲክ ወረቀት ሳትቀድ ከነሙጫው ግለጠው። ይሄ ብዙ ጋራዦች የሚጥሉት ነገር ነው፤ ከጣልከው የደሴ ክረምት በበሩ በኩል እግርህ ሥር ይገባል።

ሞተሩን አሁን አታውጣ። የስዊቹን ሶኬት መልሰህ ሰካ፣ መኪናውን አስነሳና፣ የሞተሩ ሶኬት እንደተሰካ ቴስተሩን በሁለቱ ሽቦዎች ላይ አድርገህ ሌላ ሰው ስዊቹን ወደ ላይ ይያዝ። ባትሪው ላይ ወደ 14 ቮልት ካለ እዚህም ከ12 በላይ ማግኘት አለብህ። 9 ወይም 10 ካገኘህ ኃይሉ በስዊቹ ኮንታክት፣ በሽቦ ወይም በማሳ እየባከነ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ኮንታክት በኮንታክት ማጽጃ ወይም በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ይመለሳል።

ቮልቱ ደህና ከሆነ መስታወቱን ከማንሻው ጋር የያዙትን ሁለት ብሎኖች (ብዙ ጊዜ በ10 ቁልፍ ይፈታሉ) ፍታና መስታወቱን በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው። ጣትህን በጠርዙና በፍሬሙ መካከል አታድርግ። ከከበደህ ጥፋተኛው ተገኘ። የኮምቦልቻ አቧራ በጎማው ቦይ ውስጥ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ይለጠፋል፤ ዘይቱን ያመጣነው እኛው ነን፣ ግሪስና የሞተር ዘይት ለጎማ መድኃኒት እየመሰለን። ዘይት ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ቀጭን ጨርቅ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ በሳሙና ውኃ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ጥረግ፣ ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ድገም፣ አድርቅና ሲሊኮን ስፕሬይ ንፋ። ጎማው ላይኛው ማዕዘን ላይ ታጥፎ ወይም ተቀዶ እንደሆነ፣ የመስታወቱ ጥቁር ላስቲክ ጠርዝ ተላጦ ተጠቅልሎ እንደሆነም እይ። ግሪስ ቦታው ብረት ከብረት የሚፋተግበት ነው፤ እዚያም ስስ አድርገህ ቀባ።

በሩ ተመትቶ ላሜራ የተሠራ ከሆነ መስታወቱ የሚሄድበት ሐዲድ ተጣሞ ሊሆን ይችላል። የሐዲዱን ብሎኖች አላላ፣ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውጥተህ እዚያ እንዳለ አጥብቃቸው፤ ወርዶ እያለ ከጠበቀ ወደ ላይ ሲወጣ ይነክሳል።

መስታወቱ በእጅ ቀሎ ማንሻው ብቻውንም እየተንገዳገደ ከሄደ ካቦው ተተርትሮ ወይም ፕላስቲክ መንኮራኩሩ ተሰብሮ ይሆናል፤ ይህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ መንጫጫት ይሰማል። ካቦ የሌለው፣ እንደ መቀስ የሚታጠፍ ብረት ያለው ማንሻ ከሆነ ሞተሩን ከመፍታትህ በፊት ክንዶቹን በክላምፕ እሰራቸው። የተወጠረ ስፕሪንግ አለው፣ ሲለቀቅ እጅ ይቆርጣል። መስታወቱንም እስከ ላይ አውጥተህ በፍሬሙ ላይ በሰፊ ናስትሮ ያዘው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከማንሻው የተለየው ሞተር በቀጥታ የ12 ቮልት ባትሪ ሲሰጠው ከደከመ፣ ወይም መታ መታ ሲደረግ ብቻ ከተነሳ፣ በውስጡ ኃይል የሚያደርሰው ካርቦን አልቋል፤ ያኔ ቀይር። ያገለገለ ስትገዛ የቀኝና የግራው ስለሚለያይ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ የሶኬቱ ፒን ብዛት ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፣ ሳትከፍል በባትሪ አስዙረው፣ በሁለቱም አቅጣጫ።

ስትገጥም ከበሩ ሥር ያሉትን የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈታቸው። ባትሪ ነቅለህ ከነበረና በአንድ ንክኪ የሚሠራው የሹፌሩ መስታወት ከደነዘዘ፣ ግማሽ አውርደው፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አውጥተህ ስዊቹን ጥቂት ሴኮንድ እንደያዝክ ቆይ። ሶኬቱ ላይ ያገኘኸውን ቮልትና መስታወቱ በእጅ ሲገፋ መክበዱን ወይም መቅለሉን ጻፍልኝ፣ ከዚያ ቀጣዩን እንነጋገራለን።