ከሂውስተን የመጣው ጀልባህ ለምን ሰነፈ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንተ አይደለም፤ የዛሬ አራት ዓመት እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅኩት። ሂውስተን ላይ 150 ፈረስ ጉልበት አውትቦርድ (ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር) ያለው የባስ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ገዝተህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ አመጣህ። እዚያ ሲበር ያየኸው ጀልባ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ላይ አፍንጫውን ሰቅሎ ቀረብህ። ጋዙን እስከ ጥጉ ብትገፋውም በደቂቃ ከ4,700 ዙር አያልፍም። አሁን ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) የሚስተካከል ፕሮፔለር ልግዛ ወይ ነው ያልከው።

ሞተሩ ምንም አልሆነም። ከጂቡቲ ጭኖ የተነሳ መኪና ደጋ ሲወጣ እንደሚያለከልከው ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ቼሪ ክሪክ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ 150 ብለህ የገዛኸው ሞተር እዚህ 125 ቢሆን ነው። ፕሮፔለርህ ግን አሁንም የሂውስተኑ ባለ 21 ፒች ነው። 21 ማለት፣ ውሃው ባያንሸራትት ኖሮ በአንድ ዙር 21 ኢንች ወደፊት ይሄዳል ማለት ነው። የእንጦጦን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እየሞከርክ ነው።

ፒች በ1 ኢንች ሲቀንስ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። የሞተሩ መመሪያ ጋዙ ጥግ ሲደርስ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ይላል ብለሃል። ወደ 17 ብትወርድ 5,300 ወይም 5,500 ላይ ትሆናለህ። ብድግ ብሎ ይነሳልሃል። የሂውስተኑን ፍጥነት ግን አትጠብቅ፤ አየሩ የወሰደውን ጉልበት ፕሮፔለር አይመልስም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ሻጮች “ተለዋዋጭ ፒች” ሲሉህ የትኛውን እንደሆነ ጠይቅ። አንዳንዱ ስቴንለስ ክንፉ ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላው እየጨመረ የሚሄድ ፒች አለው። የተጻፈበት ቁጥር አማካዩ ነው፤ አንተ የምትቀይረው ነገር የለም። ሌላው ክንፎቹን ፈትተህ፣ አዙረህ የምታጠብቀው ነው።

እኔ ይህን ሁለተኛውን፣ ክንፉ የፕላስቲክ ዘር የሆነውን፣ አሮጌ ገዛሁ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ውሃ ዳር ቁልፍ ይዤ ዋልኩ። ፈትቼ አዞርኩ፣ ሮጥኩ፣ ቆጣሪውን አየሁ፣ ተመለስኩ። ቁጥሬን ያገኘሁት በእሱ ነው፤ አልክድም። ግን ፍጥነት ላይ ሆኜ ጠበቅ አድርጌ ስታጠፍ ውሃውን ይለቅና ሞተሩ ይጮኻል። ክንፉ ጫና ሲበዛበት ይለመጣል። ሸጬው ባለ 17 ስቴንለስ ገዛሁ። ቤተሰብ ጭኖ ቀስ ለሚል፣ ወይም ዛሬ ቼሪ ክሪክ ነገ 2,500 ሜትር ላይ ግራንቢ ሐይቅ ለሚል ሰው የሚስተካከለው ጥሩ ነው። ለፈጣን ጀልባ ግን ሁለት ቋሚ ፕሮፔለር ይሻልሃል።

ስትሞክር እንደምትጭነው ጭነህ ሞክር። እኔ ብቻዬን 5,600 አገኘሁና ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሦስት ጓደኞቼ ከነበረዶ ሳጥናቸውና ከነእንጀራቸው ሲሳፈሩ 5,200 ሆነ። እውነተኛው ቁጥር ይሄ ነው።

ስትፈታው ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ቁልፉን ንቀል፣ የማጥፊያውን ገመድም አውጣ። ክንፉ እንዳይዞር እንጨት ሸጉጥበት። ከዚያ ዘንጉን ተመልከት። የእኔ ላይ ጭብጥ የሚሞላ የዓሣ ማስገሪያ ክር ተጠምጥሞ ጎሚኒውን በልቶት ነበር። የማርሹን ዘይት ሳወርደው ውሃ ገብቶበት ወተት የበዛበት ማኪያቶ መሰለ። ያ ከፕሮፔለሩ በላይ አስከፈለኝ።

ለማንኛውም ሳትገዛ የእኔን 17 ውሰድና ሞክር። የሞተርህን ስምና ሞዴል በውስጥ ላክልኝ፤ ዘንጉ ከገጠመ ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ሰው መጫኑ የአንተ ነው።