ሦስት ወር አንብበሽ ምንም ካልተሰማሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ከዘፍጥረት ጀምሬ ሦስት ወር አነበብኩ፣ ዘሌዋውያን ላይ ቆምኩ። ዓይኔ ያነባል፣ ልቤ ግን የለም። እምነታችሁ በንባብ የጠነከረ ሰዎች እንዴት ነው የምታነቡት?» ነው ያልሽው። የእኔን ልንገርሽ። መምህር አይደለሁም። ለዓመታት ያነበብኩ፣ ብዙ ጊዜም ያቋረጥኩ ሰው ነኝ።

ዘሌዋውያን ላይ እኔም ቆሜ አውቃለሁ። ያውም ሦስቴ። ያኔ የምከተለው መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት የሚያስጨርስ ዕቅድ ነበር። ባለ 66ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 1,189 ምዕራፍ አለው። ለ365 ቀን ስታካፍዪው በቀን ሦስት ምዕራፍ ከምናምን ይደርስሻል። አንድ ቀን ካመለጠኝ በማግስቱ ስድስት፣ ሁለት ቀን ካመለጠኝ ዘጠኝ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደግሞ ባነበብኩ ቁጥር ምልክት ያደርግልኛል፣ እኔም ለምልክቱ ብዬ አነባለሁ። በአራተኛው ሙከራ እስከ ራእይ ጨረስኩ። ስጨርስ የተሰማኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዕዳ ከፍሎ የተገላገለ ሰው ስሜት ነው። በሳምንቱ አንድ ጓደኛዬ «ከሁሉም የነካህ የቱ ነው?» ቢለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ይህን ለማከብረው ሰው ባማክረው «ካልተሰማህ እምነትህን መርምር» አለኝ። እሱ ለበጎ ነው ያለው። እኔ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ስምንት ወር ገደማ አልከፈትኩትም። ማንም እንዲህ ቢልሽ ቶሎ አትደንግጪ።

የመለሰኝ የማርቆስ ወንጌል ነው። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ድምፅ አውጥተሽ ብታነቢው ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። አንድ ምሽት ቤት ማንም ስላልነበረ ጮክ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ግን የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ አስታውሺ፤ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው ይላል። ሰውየው ድምፅ አውጥቶ ነበር የሚያነበው ማለት ነው። ድምፅ ሲወጣ ዓይን መዝለል አይችልም። አሰልቺ የሚመስለውም ቃል በአፍሽ ማለፍ አለበት።

እና ምዕራፍ 8 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ኢየሱስ በቤተ ሳይዳ አንድ ዕውር በእጁ ይዞ ከመንደር ያወጣል። ዓይኑ ላይ እንትፍ ብሎ እጁን ይጭንበትና «አንዳች ታያለህን?» ይለዋል። ሰውየው ሰዎች ይታዩኛል፣ ግን እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ ነው ይላል። ኢየሱስ እንደገና እጁን ይጭናል፤ ያኔ አጥርቶ ያያል። ሁለት ጊዜ! በአንድ ቃል የሚፈውሰው ጌታ እዚህ ለምን ደገመ? ቀደም ብሎ ያለውን መለስ ብዬ ሳየው ደቀ መዛሙርቱን «ዓይን ሳላችሁ አታዩምን?» ብሏቸዋል። ቀጥሎ ደግሞ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ይላል፣ ወዲያው ግን ስለ መከራው ሲሰማ ጌታን ይገሥጻል። ጴጥሮስም አይቷል፤ ግን ገና እንደ ዛፍ ነው። እኔ በበኩሌ ማርቆስ ታሪኩን እዚያ ያስቀመጠው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ያን ምሽት «እኔም የመጀመሪያው ዳሰሳ ላይ ነኝ ማለት ነው» ብዬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። በግማሽ ማየት እንደ ክህደት አልተቆጠረም። ሰውየው ያየውን አልደበቀም፣ ጠራልኝ ብሎም አልዋሸም።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት ምዕራፉን ሳልቆራርጥ በማንበቤ ነው። ለነገሩ ምዕራፍና ቁጥር የጸሐፊዎቹ ሥራ አይደለም። አሁን የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዘመን የመጣ ነው፣ የአዲስ ኪዳኑን ቁጥር ደግሞ ሮበር ኤስቲየን የተባለ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ነው ያወጣው። ጥቅስ ለመፈለግ ይጠቅማል። ለማንበብ ግን አንዳንዴ እንቅፋት ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ኤርምያስ 29፥11ን ውሰጂ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን ለፈተና፣ ለሥራ፣ ለሁሉ ነገር ሼር እናደርገዋለን። እኔም ሥራ ሳጣ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌው ነበር። ምዕራፉን ከላይ ስጀምረው ግን ደብዳቤ ሆኖ አገኘሁት፤ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ። ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ጸልዩ ይላቸዋል። የምትመለሱት ከ70 ዓመት በኋላ ነው ይላል። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው አላዩም ማለት ነው። እኔ በሦስት ወር ሥራ ካላገኘሁ ብዬ ሳኮርፍ ነበር። ጥቅሱ ከግድግዳዬ አልወረደም፤ ሌላ ነገር ይነግረኝ ጀመር እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እናቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን ምንም ማንበብ አልቻልኩም ነበር፣ ከመዝሙር 88 በቀር። (በአንዳንድ እትም 87 ነው፤ የመዝሙር ቁጥር እንደ እትሙ በአንድ ስለሚለያይ ግራ እንዳይገባሽ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22ም 23ም የሚሆነው በዚሁ ነው።) አብዛኞቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም። እየጮኸ ጀምሮ እየጮኸ ያልቃል። እንዲህ ያለ ጸሎት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መኖሩ ለእኔ ከብዙ ስብከት በላይ ነበር። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንኳ የሚያነበው ገጽ አለው። አልቅሼ አነበብኩት፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትሰማኝ ነበር።

አሁን ዕቅድ የለኝም። አንድ መጽሐፍ እመርጣለሁ፣ መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ አነበዋለሁ፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ እመለስበታለሁ። ያልገባኝን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ ከመልስ ይልቅ ጥያቄ ይበዛበታል። ጃንደረባውም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሏልና አንድ የሚያነብ ጓደኛ ፈልጊ፤ እኔ ከአንዱ ጋር በየሳምንቱ በስልክ እንገናኛለን፣ ግማሹን ጊዜ እንከራከራለን። ደረቅ ቀን አሁንም አለ። ያኔ አጭር አነብና እዘጋለሁ።

ከዘሌዋውያን ጋርም አትጣዪ። ለጊዜው ተዪውና ማርቆስን ጨርሺ፣ ወደ ዕብራውያን መልእክት እለፊ፣ ከዚያ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ላይ ያለውን የማስተስረያ ቀን ብቻ ተመለሺና አንብቢ። ሊቀ ካህናቱ መጋረጃውን አልፎ ሲገባ ዕብራውያን ላይ ያነበብሽው ትዝ ይልሻል። ያን ቀን ምን እንዳየሽ ንገሪኝ።