ደን ተምሬ ዓሣ ላይ መሥራት እችላለሁ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። በደን ሳይንስ ተመርቀሽ ችግኝ ጣቢያ ትሠሪያለሽ። ልብሽ ግን ያለው ሊጠፉ የተቃረቡት የጣና ዓሦች ላይ ነው። «ከዜሮ ጀምሬ ዓሣ ሀብት ልማር ወይ?» ብለሻል።

ከዜሮማ አትጀምሪ። የያዝሽው ሙያ ይፈለጋል።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ለቀው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወንዞች ይወጣሉ። ጥርት ያለ ውሃ የሚወርድበት ጠጠር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ አየር የሚያገኘው በጠጠሩ መሃል ከሚያልፈው ውሃ ነው። ደለል ክፍተቱን ከደፈነው ታፍኖ ይሞታል።

ደለሉ ከየት መጣ? ወንዝ ዳር የነበረው ሾላና ዶቅማ ተቆርጦ መሬቱ እስከ ውሃው ጠርዝ ይታረሳል። ወይ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ባሕር ዛፍ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም፤ ገበሬው የሚበላው ከእሱ ነው። ጉዳዩ የት ተተከለ፣ መቼ ተቆረጠ ነው። ግንዱ በክረምት ተቆርጦ ቁልቁል ሲጎተት፣ የተጎተተበት መስመር ቦይ ይሆናል። ጎርፍ በዚያ ቦይ አፈሩን ይዞ ወንዝ ይገባል፤ ያውም ዓሣው ሊራባ በወጣበት ሰሞን።

የዓሣ ባለሙያው «ውሃው ደፍርሷል» ብሎ ይመዘግባል። ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ ከወንዙ ስንት ሜትር ይተው፣ ምን ይተከል፣ መቼ ይቆረጥ ብሎ መስማማት ግን የአንቺ ሥራ ነው።

ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ችግኝ ታፈላላችሁ? ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ሲበተን ዓሣ ይገድላል፤ በመራቢያ ወቅት ደግሞ እንቁላል የያዙትን ይፈጃል። ችግኙን ለማን እንደምትሰጡ አስቡበት።

ታዲያ ሁሉንም በደን አታሳብቢ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የጣና ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በዋናነት የከሰሱት ዓሣው ሊራባ ሲሰበሰብ ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋውን መረብ ነው። ከወንዙ ጠጠርና አሸዋ የሚጭኑ መኪኖችም አሉ። ይህን ሳታነሺ ቃለ መጠይቅ ከገባሽ፣ ጠያቂሽ የዓሣ ሰው ከሆነ አለቀልሽ።

«ዓሣ ጠባቂ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሚወጣው «የተፋሰስ ልማት ባለሙያ» ወይም «የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ» የሚል ነው። ደሞዙም ያው የመንግሥት ደሞዝ ነው፣ አልዋሽሽም። ከገባሽ በኋላ የተፋሰስ ዕቅዱ ውስጥ ዓሣው የሚራባበትን ጠጠር ታስገቢያለሽ። የዓሣ ሀብት አዋጁን ቁጥር 315/1995 አንብቢ። ማስተርስ ካሰብሽ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጠይቂ። እዚያው ከተማ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከልም በክረምት ናሙና ሲሰበስቡ ላግዝ ብለሽ አንኳኪ።

እስከዚያ ሰፈርሽ ያለ አንድ ወንዝ ምረጪ። ዝናብ ባባራ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ዛፍ ከተቆረጠበት ቦታ በላይና በታች ውሃ በጠርሙስ ቅጂ። አሳድሪውና ከታች የረጋውን ጭቃ በማስመሪያ ለኪ። ድንጋይ አንስተሽ ሥሩ ጠጠር ይሁን ጭቃ ፎቶ አንሺ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ካደረግሽ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሲቪሽ ላይ ከዲግሪሽ ቀጥሎ አስቀምጪው።